ሁለተኛ ፎቅ ላይ የገጨኋት ሴትዮ

ሌላው ስደተኛ ሲያወራ ከአገሩ የወጣው ሁልጊዜ በድቅድቅ ጨለማ ነው። ጅብ ይጮህለታል፣ ጨረቃም ከደመና ሥር ትደበቅለታለች። እኔ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ? የወጣሁት ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ፣ የአርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ሰው ሁሉ እያየኝና «ደህና ግባ» እያለኝ ነው። ሌሊቱንማ ሰዓት እላፊ ነበር፤ በሰዓት እላፊ መሰደድም ክልክል ነበር።

ሌሊቱን ያሳለፍነው እኔና ባለቤቴ ማርታ በሹክሹክታ ስንጨቃጨቅ ነው። በሹክሹክታ የሆነው የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በግድግዳ ስለሚዋሰነን ነው። በሹክሹክታ መጨቃጨቅ ምን ያህል እንደሚያደክም ያልሞከረ ሰው አያውቀውም፤ ንዴትህ በጨመረ ቁጥር ድምፅህን ዝቅ ማድረግ አለብህ። በመጨረሻ እኔ አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የመንግሥት የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። ከኩልፎ ወንዝ ዳርና ከጫኖ ሙዝ እየጫንኩ አዲስ አበባ አደርሳለሁ፤ አንዳንዴም ወደ ደቡብ ወደ ኮንሶና ወደ ያቤሎ እወርዳለሁ። ከመውጣቴ በፊት ባለው ቀን ወደ ማታ ሊቀ መንበሩ መጣና ደጃፌ ላይ ቆመ።

«ጓድ፣ ከያቤሎ እንደተመለስክ መኪናህን አጥበህ ወደ ቀበሌ አምጣ። ልጆች ትጭናለህ።»

«የምን ልጆች?»

«ወደ ጦር ማሠልጠኛ የሚሄዱ።»

«ልጆቹ ያውቃሉ?»

«ሲጫኑ ያውቃሉ።»

ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ራሴን በራሴ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመኪና መመሪያ ነው። ሁለቱም ከአቅም በላይ አትጫን ይላሉ። የሰው ልጅ ሳይወድ ከተጫነ ግን አንድም ቢሆን ከአቅም በላይ ነው። ይህንን ለማርታ በሹክሹክታ አስረዳኋት።

«ስብከቱን ተወውና ሂድ» አለችኝ።

«ልጆቻችንስ?»

«ልጆቹ እኔ ጋ ናቸው። አንተ ሂድና ጥራን።»

«ሂድና ጥራን» ያለችው ቃል ከዚያ ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም። የምተርክላችሁም ስለዚህች ቃል ነው፤ ምንም እንኳ መሐል ላይ አሮጊትና ሽንኩርት ቢገቡበት።

ያቤሎ ስደርስ መኪናውን መንግሥት መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት አቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ያዝኩ፣ ከጎማው ሥር ታኮ የሚሆን ድንጋይ ፈልጌ አደረግሁ፣ ቁልፉን መሪው ላይ ተውኩ። ስደተኛ ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም። የጫንኩትን ሙዝም አልነካሁም፤ ማን እንደበላው እግዚአብሔር ይወቀው። ከዚያ ከብት ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅዬ በእግሬ ሞያሌን አለፍኩ። ናይሮቢ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አስጠጉኝ፤ ብዙ ከቆየሁ በኋላም በእነሱ በኩል ስዊድን የሚባል አገር ተላክሁ።

ወገኖቼ፣ የዶርዜ ብርድ ብርድ ይመስላችኋል? የዶርዜ ብርድ ጋቢ ደርበህ እሳት ዳር ስትቀመጥ ያፍርና ይሄዳል። የዚህ አገር ብርድ አያፍርም። አፍንጫህ ውስጥ ያለው ፀጉር ሳይቀር ይደርቃል። ሰውም እንዲሁ ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ግን አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ «እንዴት አደራችሁ» የሚል የለም። የመጀመሪያው ቀን ገብቼ ሁሉንም በየተራ ሰላም ስል አንዷ ሴት ቦርሳዋን አቀፈች። ሙዝ ደግሞ እየተመዘነ ይሸጣል፤ እያንዳንዱ ዘለላ ሙዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎበታል። ዕድሜዬን ሙዝ በመኪና ሙሉ ስጭን የኖርኩ ሰው አንዲት ሙዝ በከረጢት ይዤ ቤቴ ስገባ አስቡት።

ክፍል ያከራየችኝ ሴትዮ ደግሞ አንድ ቀን አንኳኳች። ዳጣ ፈጭቼ ነበር።

«ጎረቤቶች ዓይናችን አለቀሰ ይላሉ» አለችኝ።

«ዳጣ ነው እመቤቴ። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። ምግብ ያስበላል።»

«ሰው ከራበው ይበላ የለም እንዴ? ለምን ይገደዳል?»

መስኮቱን ከፈትኩላት። 

ሥራ ያገኘሁት አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ነው። መጀመሪያ አውቶቡስ አጠብኩ። ቋንቋውን ስለማመድና መንጃ ፈቃዳቸውን ሳወጣ ለሙከራ ሹፌር አደረጉኝ። የስደተኛ መሥሪያ ቤት ያለችውም ሴት ቁርጡን ነገረችኝ፦ ቋሚ ሥራ ካገኘህ ሚስትህንና ልጆችህን ለማስመጣት እንፈቅድልሃለን፤ ካላገኘህ ትጠብቃለህ። ቋሚ ለመሆን የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የበረዶ ሥልጠና።

በዚህ አገር ሹፌር አንዴ ተምሮ አይበቃውም። ፀጉሩ የሸበተ፣ ጡረታ የደረሰ ሹፌር ሳይቀር በየጊዜው ተመልሶ እንደ ተማሪ ይቀመጣል። መጀመሪያ ስሰማ ተናድጄ ነበር። የጨንቻን ዳገት በክረምት ጭቃ ወጥቼ ወርጄ፣ ፍሬን የበጠሰ መኪና በማርሽ ይዤ አውርጄ፣ አሁን ምን ልማር? በኋላ ግን ነገሩን ሳስበው ልክ ናቸው አልኩ። ቄሱም ሰባኪውም በየሳምንቱ ያንኑ መጽሐፍ ያነባል፤ ሹፌር ከቄስ በምን ይበልጣል?

ችግሩ መኪናው ነው። ሲሙላቶር ይሉታል። የአሮጌ አውቶቡስ ጋቢና ከአንገቱ ተቆርጦ፣ ከጋራዡ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። መሪ አለው፣ ፍሬን አለው፣ ማርሽ አለው፤ ጎማ የለውም፣ ኋላም የለውም። ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ መንገድ በፊልም ይመጣል። ስትነዳ መንገዱ ወዳንተ ይሄዳል እንጂ አንተ የትም አትሄድም። ለስደተኛ የሚስማማ መኪና ነው።

አሠልጣኙ ሌናርት ይባላል፤ ረጅም፣ ቀይ ጢም ያለው፣ ትዕግሥተኛ ሰው። ቋንቋው ሲጠጥርብኝ የሚያስተረጉምልኝ ደግሞ ተስፋዬ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ እዚያው አውቶቡስ አጣቢ፣ አፉ የማያርፍ።

«ታኮው የታል?» አልኩ ልገባ ስል።

ተስፋዬ ሳቀ። «ጋሼ፣ ጎማ የለውም እኮ!»

«ፎቅ ላይ ያለ መኪና ነው። ቢንሸራተት የት ሊወርድ ነው?»

ሌናርት ምን እንዳልኩ ጠየቀ። ተስፋዬ ነገረው። ሌናርት ጢሙን እያሻሸ ሄደና አንድ ወፍራም መጽሐፍ አምጥቶ ከጋቢናው ሥር ሻጥ አደረገልኝ። ትዕግሥተኛ ሰው ነው ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ጀመርኩ። በረዶ ያለበት መንገድ፣ ግራና ቀኝ ጥድ፣ ከዚያ ከተማ። ደህና እየነዳሁ ነበር። የቆመች መኪና አለፍኩ ስል ከኋላዋ አንዲት አሮጊት ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ብቅ አለች። በድንጋጤ ፍሬኑን ረገጥኩ፤ በበረዶ ላይ ፍሬን እንደዚያ አይረገጥም። ቀይ መብራት በራ፣ ከድምፅ ማጉያው «ዷ!» የሚል ወጣ፣ ፊልሙም ቀጥ ብሎ ቆመ። አሮጊቷ ጃንጥላዋን እንደያዘች፣ አፏን ከፍታ፣ ግድግዳው ላይ ታየኛለች።

ፊልም መሆኑን አላወቅህም ወይ ትሉኛላችሁ። አውቅ ነበር። ጭንቅላቴ ያወቀውን እግሮቼ አላወቁም። እኛ አገር ሹፌር ሰው ከገጨ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ የሟች ዘመድ ሳይደርስበት በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሮጦ እጁን ይሰጣል። እግሮቼ ያንን ነው ያደረጉት። ካፖርቴን ሳልለብስ ደረጃውን ወረድኩ፣ በበረዶው ላይ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ፣ መንገዱን ተሻግሬ ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ።

ወጣት ፖሊስ ነበር።

«ሰው ገጭቻለሁ። እጄን ልሰጥ መጥቻለሁ።»

ከወንበሩ ተነሣ። «የት?»

«እዚያ ጋራዥ። ሁለተኛ ፎቅ።»

«አውቶቡሱ ሁለተኛ ፎቅ እንዴት ወጣ?»

«አልወጣም። እዚያ ነው የሚኖረው።»

«የተገጨችው ሴት አሁን የት ናት?»

«ግድግዳው ላይ።»

ተቀመጠ። «ጠጥተሃል?»

«እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ! ቦርዴ እንኳ አልቀምስም!»

ቦርዴ ምን እንደሆነ ስላላወቀ የአልኮል መለኪያ አስነፋኝ። ምንም አልተገኘም። ያኔ ይበልጥ ተጨነቀ፤ የሰከረ ቢሆን ይገባው ነበር። ሌናርትና ተስፋዬ እያለከለኩ እስኪደርሱ ሻይ አምጥቶልኝ፣ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ ሲጠጣ ቆየ። እናንተ ዳኙ፤ ሳልጠራ ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ፣ ሰው ገጨሁ ብዬ፣ ሻይ ጠጥቼ ወጣሁ። እኛ ዘንድ ምንም ሳያደርግ የገባ ሰው እንኳ ሻዩን ከቤቱ ነው የሚያስመጣው።

የድርጅቱ ኃላፊ ግን አልሳቀም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ትሞክራለህ፤ እንደዚህ ዓይነት ነገር ከተደገመ ወደ እጥበትህ ትመለሳለህ አለኝ። ወደ እጥበት መመለስ ማለት ማርታና ልጆቹ ሲቀላ ቀሩ ማለት ነው።

ሌናርት ሊያጽናናኝ ፈለገ። «ቀላል ነው። ይቺን ቁልፍ ትጫናለህ፤ ሴትዮዋ ትነሣለች፤ ደግመህ ትነዳለህ።»

«አልችልም» አልኩ።

«ለምን?»

«ገጭቼ፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ፣ ቁልፍ ተጭኜ ልነዳ? እንደዚያ የለመደ ሹፌር ነገ ውጭ ሲወጣ ቁልፉን ይፈልጋል። እኛ ዘንድ ደም ያፈሰሰ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ በሽማግሌ ፊት ይንበረከካል። ከዚያ በፊት ሥራ የለም፤ መሪም አይያዝም።»

 ተስፋዬ ጭንቅላቱን ያዘ። «ጋሼ፣ ይቅርታ የሚጠየቀው ማን ነው? ግድግዳው?»

«ዘመድ የላትም?»

«ፊልም እኮ ናት!»

ሌናርት ምን እንደምንጨቃጨቅ ጠየቀ፤ ተስፋዬ እያፈረ ተረጎመለት።  ሌናርትም «ኢንግሪድ ናት እኮ» አለ። «ፊልሙን ስንሠራ አሮጊት ሆና እንድትሻገርልን ለምነናት ነው። እታች ምግብ ቤት ሾርባ የምታወጣው።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! በየሳምንቱ ሐሙስ የአተር ሾርባ የምትቀዳልኝ ሴት ናት! በነጭ ቆብ እንጂ በጃንጥላ አይቻት ስለማላውቅ አልለየኋትም። እኛ ፈረንጅ ሁሉ አንድ ይመስላል እንላለን፤ እነሱም ስለ እኛ እንደዚያው ይላሉ። ሁላችንም ደህና አድርገን ባለማየታችን ነው፤ ይህንን ልጆቼ ልብ በሉ።

ያለው ችግር ሣር ነበር። ከተማው በሙሉ በረዶ ለብሷል፤ አንዲት እርጥብ ሣር የለም። ሱቅ ገባሁና ቅጠሉ ያልተቆረጠ አረንጓዴ ሽንኩርት አንድ እስር ገዛሁ። የዱቡሻ ሽማግሌዎች፣ እዚያ የመሰብሰቢያ ሜዳችሁ ላይ ተቀምጣችሁ እንደምትስቁብኝ አውቃለሁ፤ እናንተም ስዊድን መጥታችሁ ክረምት ላይ ሣር ፈልጉና እንያችሁ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ምግብ ቤቱ በሹፌር ተሞልቶ ሳለ ወረፋውን ትቼ ፊት ለፊቷ ተንበረከክሁ፤ ሽንኩርቱን በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ። ተስፋዬን ሽማግሌ ይሆን ዘንድ አጠገቤ አቁሜዋለሁ፤ ላቡ ይወርዳል።

ኢንግሪድ ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች። «ምንድን ነው? ሊያገባኝ ነው?»

«አይ» አለ ተስፋዬ፣ «ገድሎሽ ነው። ይቅርታ እየጠየቀሽ ነው።»

«እ! ፊልሙ ውስጥ ጃንጥላ የያዘችዋን እኔን?»

«አዎ፣ እሷኑ።»

  ጭልፋዋን አስቀምጣ ከመደርደሪያው ኋላ ወጣች፣ በእጆቿ ብብቴን ይዛ አነሣችኝ። ጠንካራ ሴት ናት። «እዚህ የተቀመጡት ሁሉ ገድለውኛል» አለች። «አንዳንዱ ሁለቴ። ያ ደግሞ» ብላ በጣቷ አሳየች፣ «የእህቴ ባል ነው፤ ገድሎኝ መጥቶ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ተቆጣኝ። ይቅርታ ያለኝ ያንተ ይኸ ሽንኩርት ብቻ ነው።» ሽንኩርቱን ተቀበለችኝ፣ እዚያው ከትፋ ሾርባው ውስጥ ጨመረችው። ሾርባው ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ምግብ አለ።

የእህቷ ባል ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሣ። ግዙፍ ሽማግሌ ነው። «እንግዲህ፣ ኢንግሪድ…» አለና ፊቱ ቀላ። ሌሎቹም ቀና ብለው ተያዩ። ሌናርት በር ላይ ቆሞ ጢሙን ይጎትታል፤ ለካስ ማሽኑ ሲተከል መጀመሪያ የገጫት እሱ ነው። የዚያን ቀን ወረፋው ለሾርባ ይሁን ለይቅርታ አልተለየም።

ከታረቅሁ በኋላ መሪ ያዝኩ። ፈተናው ደረሰ። ኃላፊው ራሱ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ። ነዳሁ፣ ጥዱን አለፍኩ፣ ከተማ ገባሁ፣ የቆመችዋን መኪና ገና ከሩቅ ሳይ ቀስ አድርጌ ማርሽ ቀነስኩና ቆምኩ። አሮጊት የለችም። ባዶ መንገድ።

«ለምን ቆምክ?» አለ ሌናርት።

«ኢንግሪድ ልትሻገር ነው።»

«ገና አልወጣችም!»

«እንደምትወጣ አውቃለሁ።»

«እንደማታውቅ ሆነህ ንዳ።»

«ያወቁትን እንዳላወቁ መሆን ውሸት ነው። እኔ አልዋሽም።»

ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ኃላፊው ሳል ይዞት ነው ብዬ ነበር፣ ለካ እየሳቀ ነው። ሌላ ፊልም አስገቡልኝ፤ በእሱ ደግሞ ኤልግ የሚባል፣ በሬ የሚያህል ቀንዳም አውሬ ከጫካ ይወጣል። ፍሬኑን ሳልደነግጥ፣ እንደተማርኩት ቀስ እያልኩ ነካ ነካ አደረግሁ። ኤልጉ አለፈ። እኔም ፈተናውን አለፍኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ያ ጎማ የሌለው መኪና አስተምሮኛል። ከዚያ በኋላ በእውነተኛው በረዶ ላይ፣ አውቶቡሱ ሰው ሞልቶ፣ አንድ ልጅ በብስክሌት ከፊቴ ሲወድቅ እግሬ እንደ ድሮው አልረገጠም። ልጁ ተነሥቶ በረዶውን አራገፈና ሄደ። ቁልፍ ተጭኜ የማስነሣው አልነበረም።

ቋሚ ሆንኩ። የስደተኛ መሥሪያ ቤቷም ሴት ፈቀደች። ወደ አርባ ምንጭ ስልክ ለማስያዝ ብዙ ጠበቅሁ፤ ማርታም ቴሌ ተጠርታ እንድትመጣ መልእክት ተላከ። በደብዳቤ እንዳልጽፍላት፣ ደብዳቤ ከእሷ በፊት ማን እንደሚያነበው ታውቃላችሁ። በስልኩ ላይ የምላት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ጠርቻችኋለሁ» ልላት ነው። በአፌ ስለማመዳት ከረምኩ።

«ሃሎ! ማርታ!»

«የዳንኤል አባት! ፈቱህ?»

«ማን አሰረኝ?»

«ነጭ አሮጊት ገድለህ ታሰርክ አሉ እኮ! ከአዲስ አበባ የመጡ ሹፌሮች መናኸሪያ ላይ አወሩ።»

ተስፋዬ! ለእህቱ በስልክ አውርቶ ነው፤ እህቱ ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለሹፌር።

«አልሞተችም! ፊልም ናት!»

«ምን ነካህ፣ ሴትየዋን ፊልም ትላታለህ? እኛ ዶርዜ ወገኖችህ ዘንድ ወጥተን ሽማግሌ ተሰብስቦልሃል። ሣር ይዘው ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው፣ የእሷ ወገን የሚሆን ሰው ጠፍቶ፣ ነጭ ላም ያለው ሰው ተወክሎ፣ በግ ታርዶ ታርቃችኋል። የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ የበጉን መታረድ ሲሰማ ተቆጥቶ ነበር፤ ሥጋው ሲመጣ ግን ጸልዮ በላ።»

«ማርታ፣ ስሚኝ…»

«አባ፣ ጃንጥላዋስ ተሰበረ?» አለ ዳንኤል ከጎኗ። ድምፁ ወፍሯል። አላወቅሁትም። የልጄን ድምፅ አላወቅሁትም።

«አልተሰበረም ልጄ። ሾርባ ታወጣለች፣ ደህና ናት…»

«ሾርባ?» አለች ማርታ። «ታዲያ አልሞተችም? እልል! ስሙ፣ አልሞተችም!» አለች። ከኋላዋ የቴሌው ሰው ሁሉ እልል ሲል ሰማሁ። «ማርታ!» ስል ጮህኩ፣ «ጠር…» መስመሩ ተቋረጠ።

ይህንን የምጽፈው ሁለተኛውን ስልክ እየጠበቅሁ ነው፤ መቼ እንደሚደርሰኝ አይታወቅም። ማታ ማታ ባዶውን አውቶቡስ ወደ ጋራዥ ስመልስ ያቺን ቃል ለባዶ ወንበሮች እላታለሁ። ማርታ እስካሁን የምታውቀው አሮጊቷ አለመሞቷን ብቻ ነው። እንዴት እንደምትወጣ እዚህ ላይ አልጽፍም፤ ከዚያ በኩል ይፈቀድላት አይፈቀድላትም አላውቅም። ግን እናንተ መናኸሪያ ላይ ቆማችሁ የምታወሩ የአገሬ ሹፌሮች፣ ሐሰቱን እንደዚያ በፍጥነት ያደረሳችሁ፣ ይህችንም አድርሱልኝ። ሲቀላ፣ ከሊቀ መንበሩ ቤት ቀጥሎ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጠርቷችኋል በሏት።